መብራት ሲደበዝዝ፦ በቤትና በግቢ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ጉድለትን ፈልጎ የማግኘት ትምህርት

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ሲጨርሱ በቤትዎ ወይም በግቢዎ መብራት ሲደበዝዝ ጉድለቱ ከየት እንደሆነ ለይተው ማወቅ ይችላሉ፦ ከቤት ውስጥ፣ ወደ ማዕድ ቤት ከሚሄደው መስመር፣ ከሞተሩ፣ ወይስ ከምሰሶው በኩል? የትኛውን ራስዎ ማስተካከል እንደሚችሉ፣ ለየትኛው ባለሙያ መጥራት እንዳለብዎት፣ የትኛው ምልክት ሲታይ ደግሞ ጊዜ ሳይሰጡ ዋናውን ማጥፊያ ማውረድ እንደሚገባዎት ይረዳሉ።

የግብርና ስልጠና ስለ መብራት ምን አገባው የሚል ይኖራል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያው አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የጫጩት ጉዳይ ነው። አንድ ሞዴል አርሶ አደር 50 የአንድ ቀን ጫጩት ወስደው ማሳደግ ጀመሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት «እየሞቱብኝ ነው» ብለው ጠሩኝ። በሦስት ሌሊት 11 ሞተዋል። ሄጄ ያየሁት ቀን ላይ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መኖውና ውኃው ደኅና ነው፤ የማሞቂያው ባለ 250 ዋት አምፖል ፍም መስሎ ይበራል። የጠረጠርሁት በሽታ ነበር። ስለ ፈንግል ክትባት ጠየቅሁ፣ ስለ ተቅማጥ ጠየቅሁ፣ መዝገቤ ላይም ያንኑ ጻፍሁ። ልወጣ ስል የቤቱ እመቤት «ሌሊት ምጣዱን ስሰካ እኮ ያ መብራት ይደክማል» አሉኝ።

እንጀራ የሚጋግሩት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ማታ ማታ መንደሩ ሁሉ ስለሚጠቀም ምጣዱ አይግልላቸውም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደግሞ ብርዱ የሚበረታበት ሰዓት ነው። ምጣዱና የጫጩቶቹ አምፖል በአንድ መስመር ላይ ነበሩ። መብራቱ ሲደክም ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ጫጩቶቹ ይፋፈጋሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። በማግስቱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዘን ሄደን በአምፖሉ ጫፍ ላይ ለካን። ምጣዱ ሳይሰካ 214 ቮልት፣ ምጣዱ ሲሰካ 193 ቮልት ሆነ። የጎደለው 21 ቮልት የት እንደገባ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ መጀመሪያ ግን እንዴት እንደሚጎድል እንይ።

ቦዩ የት ላይ ጠበበ?

በመስኖ የሚያውቁትን ወደዚህ ያምጡት። ከዋናው ቦይ ወደ እርስዎ ማሳ የሚገባ ቅርንጫፍ ቦይ አለ። በዚያው ቅርንጫፍ ላይ ያለ ጎረቤት በሩን ቦርቅቆ ሲከፍት የእርስዎ ውኃ ይቀንሳል፤ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ሰው ግን ምንም አይታወቀውም። ዋናው ቦይ ራሱ በደለል ከተሞላ ደግሞ ሁሉም ይጎዳል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ቮልት የውኃው ግፊት ነው፣ አምፔር የሚፈሰው ብዛት ነው፣ ሽቦው ቦዩ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ኤሌክትሪክ መሄጃም መመለሻም ቦይ ያስፈልገዋል። መሄጃው ፌዝ፣ መመለሻው ኒውትራል ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ቢጠብ ውጤቱ ያው ነው።

እንግዲህ መብራት እንዲደበዝዝ ሁለት ነገሮች መገናኘት አለባቸው። አንደኛው ብዙ የሚስብ ዕቃ መከፈቱ ነው፤ ምጣድ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የመኖ መቆራረጫ። ሁለተኛው በአምፖሉና በዕቃው የጋራ መንገድ ላይ ጠባብ ቦታ መኖሩ ነው። ብዙ ሰው የሚወቅሰው ዕቃውን ነው፤ «ምጣዱ ነው የሚያደክመው» ይላል። ምጣዱ ግን የተሠራበትን ያህል ነው የሚስበው። መፈለግ ያለብን ጠባቡን ቦታ ነው። ቦይ ሲጠብ ውኃው ይገነፍላል፤ ሽቦ ሲጠብ ይግላል። ከአምፖሉ የጎደለው ብርሃን የትም አልጠፋም፤ በጠባቡ ቦታ ላይ ሙቀት ሆኖ እየወጣ ነው። ያ ቦታ ከሳር ክዳን ሥር ወይም ከጭድ ክምር አጠገብ ሊሆን ይችላል።

ለምርመራ የሚሆን አምፖል

አሁን ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ኤል ኢ ዲ አምፖል ነው። ለቆጣሪ ሒሳብ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ምርመራ ግን ያታልላል። ብዙዎቹ በውስጣቸው ባለው ዕቃ አማካይነት ቮልቱ ቢወርድም ብርሃናቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ከአቅማቸው ሲያልፍ በድንገት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ። በቤትዎ ያሉት ሁሉ ኤል ኢ ዲ ከሆኑ መብራቱ ስላልደበዘዘ ብቻ መስመሩ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

ስለዚህ አንድ የድሮውን የክር አምፖል፣ ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት፣ ለምርመራ ብለው ያስቀምጡ። የክር አምፖል አይደብቅም። ቮልቱ ከመቶ 10 እጅ ቢቀንስ ብርሃኑ ከመቶ 30 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ይህን ዓይን በቀላሉ ያየዋል። የመለኪያ መሣሪያ (ቴስተር) ያለው ባለሙያ ቁጥሩን ይነግርዎታል፤ የክር አምፖል ግን ጠባቡ ቦታ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ ያለ መሣሪያ ያሳይዎታል።

ምርመራው

ምርመራው ሁለት ሰዎችን ይፈልጋል፤ ሦስት ቢሆኑ ይሻላል። አንዱ ምጣዱ ጋ፣ አንዱ ትልቁ ቤት ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ የጎረቤት መብራት በሚታይበት ደጃፍ ላይ ይቁም። ሲጨላልም ይጀምሩ። በማዕድ ቤቱም በትልቁ ቤትም የክር አምፖል ያብሩ፤ ሌላውን ሁሉ ያጥፉ። ከዚያ ምጣዱን ይሰኩና «አሁን!» ብለው ይጣሩ። እያንዳንዱ ሰው የሚያየውን መብራት ብቻ ይመልከት። ምጣዱን ይንቀሉ፤ እንደገና ይሰኩ። ሦስት ጊዜ ከደጋገሙት መገመት አያስፈልግም፤ የታየው ታየ።

የማዕድ ቤቱ አምፖል ብቻ ደብዝዞ የትልቁ ቤት ካልተለወጠ ጠባቡ ቦታ መስመሩ ከትልቁ ቤት ተገንጥሎ ወደ ማዕድ ቤት በሚሄድበት ክፍል ላይ ነው። ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይም መገጣጠሚያው ላልቷል።

በእርስዎ ግቢ ያሉት ሁሉ ደብዝዘው የጎረቤት ደኅና ከሆነ ጠባቡ ቦታ ሁሉንም ከሚመግበው መንገድ ላይ ነው፦ ከምሰሶው ወደ ቤትዎ የሚመጣው ገመድ፣ ገመዱ የተቀጠለበት ጫፍ፣ ቆጣሪው ወይም ዋናው ብሬከር። ከዚህ ውስጥ ከቆጣሪው በፊት ያለውና ቆጣሪው ራሱ የአገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ነው። እሽጉን አይንኩ፤ ዋናውን ብሬከር ቢያወርዱም በዚያ በኩል ኤሌክትሪኩ እንዳለ ነው። በ905 ደውለው ያመልክቱ።

የጎረቤትም አብሮ ከደበዘዘ፣ በተለይም እርስዎ ምንም ሳይሰኩ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ጉዳዩ የመንደሩ መስመር ነው። ከዚህ በታች ለብቻው ተጽፏል።

አንድ አምፖል ብቻ፣ ምጣድ ቢሰካም ባይሰካም ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ብዙ አይጨነቁ፤ ግን አይተዉትም። በመጀመሪያ ዋናውን ያጥፉ፣ አምፖሉ ይቀዝቅዝ፣ አጥብቀው ያዙሩት ወይም በሌላ ይቀይሩት። አምፖል ቀይረውም ከቀጠለ የአምፖሉ መያዣ ወይም የማብሪያ ማጥፊያው ብልሽት ነው፤ ይቀየር።

ምርመራውን ሲያደርጉ ሰዓቱንም ይጻፉ። በዝናብ ጊዜ ወይም ንፋስ ሲነሣ ብቻ የሚደበዝዝ መብራት ውጭ ያለ መገጣጠሚያ መላላቱን ይናገራል። ምጣዱ ከተሰካ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ እየጋለ ነው ማለት ነው። ሲሰካ ወዲያው ደብዝዞ እዚያው የሚረጋ ግን ብዙውን ጊዜ የቀጠነ ሽቦ ነው።

የቀጠነና የረዘመ ሽቦ

በገጠር ማዕድ ቤታችን ከትልቁ ቤት ራቅ ብሎ የሚሠራው ስለ ጭሱና ስለ እሳቱ ነው። መብራት ሲገባ ግን ይህ ርቀት ሌላ ጣጣ አመጣ። መጀመሪያ ለአንድ አምፖል ብለን ቀጭን ሽቦ እንጎትታለን። ቀጥሎ ምጣድ ይገዛል፤ ምጣዱም በዚያው ሽቦ ላይ ይሰካል። ከዚያ የጫጩት ማሞቂያ ይጨመራል። ሽቦው ግን ያው ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,500 ለ220 ቢካፈል ወደ 16 አምፔር ይሆናል። ማዕድ ቤቱ 30 ሜትር ቢርቅ፣ ሽቦው ሱቅ ውስጥ «ባለ 1.5» የሚባለው ከሆነ 12 ቮልት ያህል በመንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 2.5 ቢሆን 7፣ ባለ 4 ቢሆን 4 ተኩል፣ ባለ 6 ቢሆን 3 ቮልት ያህል ይቀራል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚቀረውም እጥፍ ነው። ባለሙያዎች ከቆጣሪው እስከ መጨረሻው ዕቃ ድረስ የሚጎድለው ከመቶ 5 እጅ፣ ማለትም ከ11 ቮልት እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ለምጣድ እኔ የምመክረው ከባለ 4 ያላነሰ፣ ለብቻው የሚሄድና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ነው። ባለ 1.5 ሽቦ ለአምፖል ነው፤ ምጣድ አይሰካበትም።

ሽቦ ሲገዙ ልጠው ይዩ። ከላይ ቀይ ሆኖ በቢላ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ የሚሆን አለ፤ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። በተጻፈበት ውፍረት ልክ የመዳብን ያህል አይሸከምም። ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

የላላ መገጣጠሚያ

ከሁሉም በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። የቀጠነ ሽቦ ጉዳቱን በ30 ሜትር ላይ ያከፋፍላል። የላላ መገጣጠሚያ ግን ጉዳቱን ሁሉ የጥፍር ያህል በሆነች ቦታ ላይ ያከማቻል።

በጫጩቶቹ ቤት የጎደለው 21 ቮልት ሲከፋፈል እንዲህ ሆኖ ተገኘ። መስመሩ ባለ 1.5 ሲሆን ርዝመቱ 40 ሜትር ነበር፤ 14 ቮልቱ በሽቦው ርዝመት ላይ የቀረ ነው። የቀረው 7 ቮልት ሽቦው በተቀጠለበት አንድ ቦታ ላይ ነበር። ሁለቱ ሽቦዎች በእጅ ተጠማዝዘው፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ከጣሪያው እንጨት ላይ ታስረዋል። 7 ቮልት ትንሽ ይመስላል። ምጣዱ በዚያ ሰዓት የሚስበው 14 አምፔር ነበርና 7 በ14 ሲባዛ ወደ 100 ዋት ይመጣል። አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል በእጅዎ ይዘው ቢያውቁ ሙቀቱን ያውቁታል፤ ያን ሙቀት በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች መካከል ያስቡት። ላስቲኩን ስንፈታው ከውስጥ ጠቁሮ ተሰባብሮ ነበር። ከላዩ የነበረው እንጨትም መጥቆር ጀምሯል። ያ ጣሪያ የሳር ክዳን ነው። እኔ የመጣሁት ለጫጩት ነበር።

ባለቤቱ ያኔ ያሉኝን ብዙ ቤት እሰማዋለሁ፦ «ብሬከሩ እኮ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም።» እውነት ነው፤ አልወረደም፤ አይወርድምም። ብሬከር የሚወርደው ከልኩ በላይ ሲፈስ ነው። የላላ መገጣጠሚያ ግን ፍሰቱን አይጨምረውም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሰዋል። ብሬከሩ የሚያየው ከልኩ ያነሰ ፍሰት ነው፤ ጣሪያው ውስጥ እሳት እየተበጀ ቢሆንም ለእሱ ሁሉ ደኅና ነው። በዚህ ጉዳይ ቀድሞ የሚናገረው ብሬከሩ ሳይሆን የሚደበዝዘው አምፖል ነው።

የላላ መገጣጠሚያ የሚገኝባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። የምጣዱ መሰኪያና ሶኬቱ አንደኛ ናቸው፤ በየቀኑ ስለሚሰካና ስለሚነቀል ይላላል። ቀጥሎ ሽቦ የተቀጠለባቸው ቦታዎች፣ የብሬከሩ ብሎኖች፣ ከምሰሶው የሚመጣው ገመድ ከቤቱ ሽቦ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ። ከምሰሶው የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ነው፤ የቤቱ ሽቦ መዳብ ነው። ሁለቱ በቀጥታ ተጠማዝዘው ዝናብ ሲያገኛቸው ይበላላሉ፤ በመካከላቸው ለዚሁ የተሠራ ማገናኛ ሊኖር ይገባል።

ምልክቱን በዓይን፣ በአፍንጫና በጆሮ ይፈልጉ። ቡናማ የሆነ ወይም የቀለጠ ሶኬት፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ፣ ምጣዱ ሲሰራ ከሶኬት የሚሰማ የመንጫጫት ድምፅ። ምጣዱን ሩብ ሰዓት ካሠሩ በኋላ ዋናውን ብሬከር ያውርዱና መሰኪያውን፣ ሶኬቱንና ገመዱን በእጅዎ ጀርባ ይንኩ። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን መልሰው አይሰኩት፤ ሶኬቱም መሰኪያውም ይቀየር። ገመዱ በአንድ ቦታ ብቻ ከጋለ ጠባቡ ቦታ እዚያ ነው፤ እስከ ጫፉ እኩል ከጋለ ሽቦው ቀጥኗል።

ጥገናውን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ይሥራው። ሲሠራ ግን አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ። የጠቆረውን ሽቦ ቆርጦ እስከሚያበራው መዳብ ድረስ መድረስ አለበት፤ የተቃጠለ ሽቦን እንደገና ማጥበቅ ጥገና አይደለም። በእጅ አጠማዝዞ በላስቲክ መጠቅለል ሳይሆን በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ ያያይዘው፤ ማገናኛውም በሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ሳጥኑም ከሳርና ከጭድ የራቀ፣ ዝናብ የማያገኘው ይሁን።

በዚያ ቤት መገጣጠሚያው ሲታደስ 193 የነበረው 200 ሆነ። ከሳምንት በኋላ ለምጣዱ አዲስ ባለ 4 ሽቦ ለብቻው ተዘረጋ፤ አሮጌው ባለ 1.5 አልተጣለም፤ በባለ 10 አምፔር ብሬከር ለጫጩቶቹ አምፖል ብቻ ቀረ። አሁን ምጣዱ ሲሰካ የጫጩቶቹ አምፖል አይነቃነቅም። ገንዘብ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ መገጣጠሚያው፣ ቀጥሎ ሽቦው።

ፓምፕና መቆራረጫ ሲነሡ

ሞተር ሲነሣ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። በዚያች ቅጽበት መብራቱ ዝቅ ብሎ ወዲያው መመለሱ የሞተር ጠባይ ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ሞተሩ እያጓራ አልነሣም ካለ ወይም መብራቱ ደብዝዞ ከቀረ ወዲያውኑ ያጥፉት፤ በዚያ ሁኔታ የቆመ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ጠምዛዛው ይቃጠላል። ደጋግሞ መሞከር ደግሞ ያፋጥነዋል።

የሞተር ጉልበት ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል። ቮልቱ ከመቶ 10 እጅ ሲቀንስ ጉልበቱ ከመቶ 19 እጅ ይቀንሳል። ስለዚህ የመኖ መቆራረጫውን ባዶውን አስነሥተው ከዞረ በኋላ ሣሩን ይመግቡት። ፓምፑን ምጣድ በተሰካበት ሰዓት አያስነሡ። ቮልቱ ደኅና ሆኖ ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ ካፓሲተሩ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ነው፤ ዋጋውም ከሞተር ጋር አይወዳደርም።

አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ከፈካ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ግን ለቤተሰብዎ ሁሉ ይንገሩ። አንዳንዱ መብራት ሲደበዝዝ ሌላው ከወትሮው በላይ ቦግ ብሎ ከበራ፣ ወይም የእርስዎ ሲደክም የጎረቤት ከፈካ፣ የጋራው መመለሻ ሽቦ (ኒውትራል) ተበጥሷል ወይም ላልቷል። በመንደር መስመር ላይ ሦስት ፌዞች አንድ ኒውትራል ይጋራሉ። እሱ ሲበጠስ 220 ሊያገኝ የሚገባው ቤት እስከ 380 ቮልት ሊደርስ የሚችል ይገባበታል። ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ የሚቃጠለው ያኔ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ አይቆዩ። ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፣ ለጎረቤት ይጮኹ፣ በ905 ይደውሉ። እስኪጠገን ድረስ መልሰው አያብሩ።

በቤት ውስጥም ኒውትራል ሲበጠስ መብራቱ ይጠፋል፤ ሽቦው ግን ኤሌክትሪክ አለበት። የጠፋ አምፖል ሽቦው ባዶ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሰው የሚሞተው «ጠፍቷል» ብሎ ሲነካ ነው።

ከምሰሶው በኩል የሚመጣ ድካም

ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት የሚደበዝዝ፣ ሌሊት የሚሻሻል ከሆነ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል፣ ወይም እርስዎ ያሉት በመስመሩ ጫፍ ላይ ነው። ይህን በቤትዎ ሽቦ ምንም ቢያደርጉ አያስተካክሉትም። በግል «መብራት ደከመብኝ» ከሚል ስሞታ የሚሻለው የተጻፈ ነገር ነው። አምስት ስድስት ቤቶች ለአንድ ሳምንት በየምሽቱ የደበዘዘበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ከትራንስፎርመሩ ያላቸውን ርቀት በግምት ያክሉ፤ የአንዱን ቤት ቮልት ባለሙያ ይለካላችሁ። በጋራ ፈርማችሁ አቅርቡ። የወተት ማቀዝቀዣ ወይም የዶሮ ሥራ ያለው ካለ ያም ይጻፍ።

ሌላው በመንደራችን የተለመደው ከአንድ ቆጣሪ ሦስትና አራት ቤት መቀጠል ነው። ጎረቤት ቆጣሪ እስኪያገኝ መተባበራችንን አልነቅፍም፤ ነገር ግን በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እየተንጠለጠለ የሚሄድ ቀጭን ሽቦ ዛፉ ሲወዛወዝ ይፋቃል፣ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ሲረግብ ከብት ይነካዋል። ካልቀረ ለአምፖልና ለስልክ ብቻ ይሁን፤ ምጣድ አይሰካበት፤ የራሱ ትንሽ ብሬከር ይኑረው።

በመፍትሔ ስም የሚሠሩ ስሕተቶች

ብሬከር ቶሎ ቶሎ ሲወርድ በትልቅ መቀየር የተለመደ ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ባለ 1.5 ሽቦ ላይ ባለ 32 አምፔር ብሬከር ማድረግ ሽቦው ራሱ ፊውዝ እንዲሆን መፍቀድ ነው። በፊውዝ ቦታ የጅማት ሽቦ ማሰርም ከዚህ የባሰ ነው።

ስታብላይዘር የሚገዙም አሉ። ድካሙ ከምሰሶው በኩል ከሆነ ለማቀዝቀዣና ለቴሌቪዥን ይጠቅማል። ድካሙ ከላላ መገጣጠሚያ ከሆነ ግን ስታብላይዘሩ ቮልቱን ከፍ ለማድረግ ከመስመሩ የበለጠ ይስባል፤ መገጣጠሚያው የበለጠ ይግላል። መብራቱ ስለተስተካከለ ምልክቱም ይጠፋል። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም፤ ስታብላይዘሩ ይከተል።

ለሚቀጥለው ስልጠና የሚዘጋጅ

በማሰልጠኛ ማዕከሉ አንድ የክር አምፖል፣ አንድ ምጣድ፣ 30 ሜትር ባለ 1.5 እና 30 ሜትር ባለ 4 ሽቦ ይዘጋጃል። በተራ እያሠራን ብርሃኑን በዓይን፣ ቮልቱን በመለኪያ እናነጻጽራለን። ሽቦዎቹን የሚያገናኘው ባለሙያው ብቻ ነው።

እርስዎ ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ የግቢዎን ሥዕል ሠርተው ይምጡ፦ ምሰሶው፣ ቆጣሪው፣ ትልቁ ቤት፣ ማዕድ ቤቱ፣ የዶሮው ወይም የከብቱ ቤት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በእርምጃ፣ ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ ሁሉ በመስቀል ምልክት። ከዚህ በላይ የተጻፈውን ምርመራ ቢያንስ አንድ ምሽት ሠርተው የትኛው አምፖል ከየትኛው ጋር እንደደበዘዘና ሰዓቱን ከሥዕሉ ጀርባ ይጻፉ። እንጀራ የሚጋግሩት የቤት እመቤትም አብረው ቢመጡ ጥሩ ነው፤ መብራቱ በስንት ሰዓት እንደሚደክም የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።